ያቺን ቀዳዳ አትድፈኗት!

ዛሬ ፈቃዳችሁ ከሆነ ስለ ጡብ ላውጋችሁ። «ጡብ ደግሞ መቼ የወጣት ጨዋታ ሆነ?» እንዳትሉኝ! በዚህ ከተማ ቤት የማያሳስበው ወጣት ካለ እስቲ እጁን ያውጣ። የተከራየው የአከራዩን ፊት እያየ ያድራል፤ ሊያገባ ያሰበው «የት አስገባታለሁ?» እያለ ይቆዝማል፤ ከእናት ከአባቱ ጋር የሚኖረው ደግሞ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ «ዘንድሮ ክረምቱን ይችለው ይሆን?» ይላል። ስለዚህ የጡብ ወሬ የሁላችንም ወሬ ነው።

እኛ ዘንድ «ግንብ ቤት» የሚለው ቃል ክብደት አለው። ብዙዎቻችን ያደግነው በእንጨትና በጭቃ ቤት ነው። ቋሚው ባሕር ዛፍ፣ ማገሩ ባሕር ዛፍ፣ መምረጊያው ከጭድ ጋር የቦካ ጭቃ። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ከተማዋ በእሱ ተደግፋ ነው የኖረችው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሽማግሌ ተልኮ «ልጁ ምን አለው?» ሲባል «ግንብ ቤት አለው» የሚል መልስ ከመጣ፣ ነገሩ ግማሽ መንገድ ሄዷል ማለት ነው። ግንብ ማለት መከበር ነው። ከምስጥና ከፍሳሽ መገላገል ነው።

ከአሜሪካ የሚላክልንንም የቤት ፎቶግራፍ የምናየው ይህንኑ ሚዛን ይዘን ነው። የዛሬው ወጌም ከዚያ ይነሣል።

«የጡብ ግንብ ገዛች!»

ታላቅ እህቴ የምትኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብሎ ያለው አካባቢ፣ የቨርጂኒያውም የሜሪላንዱም ወገን፣ ሐበሻ የሞላበት እንደሆነ ታውቃላችሁ። እሷና ባለቤቷ ለዓመታት ሁለት ሁለት ሥራ እየሠሩ ቆይተው በ2013 ዓ.ም. ቀለሙ ገና ያልደረቀ አዲስ ቤት ገዙ። «ገዙ» ሲባል እንግዲህ በ30 ዓመት የባንክ ዕዳ ነው፤ ዕዳውን ግን ፎቶግራፍ አያሳይም። ፎቶው የሚያሳየው ቀይ ጡብ፣ ነጭ መስኮትና አረንጓዴ ሣር ነው።

እማዬ ፎቶውን አሳጥባ፣ ፍሬም አስገብታ ሳሎን ሰቀለችው። ልብ በሉ፣ የሰቀለችው በጭቃ ግድግዳ ላይ ነው። ሚስማሩ ሦስቴ ወልቆ በአራተኛው ነው የያዘው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቡና በተፈላ ቁጥር «ልጄ የጡብ ግንብ ገዛች!» ይባላል። ጎረቤት ይመርቃል። ምርቃቱ ሲያልቅ ደግሞ ጥያቄ ይከተላል። የአክስት ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የአጎት ሕክምና፣ የዕድር ድንኳን መግዣ… ሁሉም መንገዱ ወደ ቨርጂኒያ ነው። ታናሽ ወንድሜም ሊያገባ ነበርና «ሠርጉን እህቴ ትችለዋለች» ብሎ ተዝናንቶ ተቀመጠ። ማን ይፈርድበታል? ግንብ ያላት እህት አለችው!

አባባ ብቻ ብዙ አልተናገሩም። አባባ ጉልበታቸው እስኪደክም ድረስ ግንበኛ ነበሩ። የስንቱን ሰው ግንብ በቱንቢ እያስተካከሉ አቁመው፣ እሳቸው እስከ ዛሬ የሚኖሩት በጭቃ ቤት ነው። ያን ፎቶ መነጽራቸውን አድርገው፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ ብለው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ «ያምራል፤ እግዜር ይባርክላት» አሉና ለእማዬ መለሱላት። በቃ።

ጡቡ ልብስ ነው

አሁን የቤቱን ነገር ላስረዳችሁ። አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ቤተሰብ ከሚሠሩት ቤቶች አብዛኞቹ አጥንታቸው እንጨት ነው። መጀመሪያ የኮንክሪት መሠረት ይጣላል። በመሠረቱ ላይ በመጋዝ ልክ ልኩን የተሰነጠቀ እንጨት በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ግድም ይቆማል፤ እኛ «ቋሚ» የምንለው መሆኑ ነው። በውጭ በኩል ኮምፔርሳቶ መሳይ ጣውላ ይመታበታል። በጣውላው ላይ ውሃ የሚመልስ፣ እንፋሎት ግን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ይጠቀለላል። በቋሚዎቹ መካከል ብርድ የሚከላከል ጥጥ መሳይ ነገር ይጠቀጠቅና በውስጥ በኩል በጂፕሰም ሰሌዳ ይዘጋል። ጣሪያውንና ፎቁን የሚሸከመው ይኸው እንጨት ነው። እዚህ ላይ ቤቱ ቆሟል፤ አንድም ጡብ ግን ገና አልመጣም።

ጡቡ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ከጣውላው 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ፈቀቅ ብሎ፣ 9 ሳንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው አንድ ረድፍ ጡብ ከመሠረቱ ጀምሮ ሽቅብ ይደረደራል። ጣሪያ አይሸከምም፣ ወለል አይሸከምም፤ የራሱን ክብደት ብቻ ይሸከማል። እንዳይወድቅ ደግሞ በአጭር በአጭሩ የተቆራረጠ፣ ቶሎ የማይዝግ ብረት ይደረግለታል። የብረቱ አንዱ ጫፍ እንጨቱ ላይ በሚስማር ይመታል፣ ሌላው ጫፍ በጡቦቹ መካከል ሲሚንቶው ውስጥ ይቀበራል። ብዙ ቤቶች ላይ እንዲያውም ጡብ ያለው መንገደኛ በሚያየው ፊት ላይ ብቻ ነው፤ ጎኑና ጀርባው በፕላስቲክ ሰሌዳ ይሸፈናል። ፎቶ የሚነሣው ታዲያ ከየት በኩል ይመስላችኋል? ከፊት ነዋ!

«እንግዲያው ተታለልን!» ብላችሁ እንዳትጮኹ። ማንም ማንንም አላታለለም። እዚያ አገር ይህ ሁሉም የሚያውቀው አሠራር ነው፤ በደንብ ከተሠራም ለልጅ ልጅ ይተርፋል። እንጨቱ ርካሽ ነው፣ ሥራው ፈጣን ነው፣ ጡቡም ቀለም ቀቡኝ ሳይል ዝናቡንና ፀሐዩን ይመክታል። ብልሃቱ ያለው ግን ዓይን በማያየው ቦታ ነው፤ በዚያች 2.5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ውስጥ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሸክላ ጡብ ውሃ ይጠጣል። ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ደጋግሞ ሲመታው ውሃው በጡቡና በሲሚንቶው ሠርጎ ወደ ጀርባው ያልፋል። ያኔ ክፍተቷን ያገኝና በጡቡ ጀርባ ቁልቁል ይወርዳል። ከሥር የተነጠፈ ውሃ መላሽ ንጣፍ አለ፤ እሱ ይቀበለዋል። ከዚያም ከታችኞቹ ረድፎች በአንዱ ላይ፣ በየ80 ሳንቲ ሜትሩ ወይም ከዚያ ቀረብ ቀረብ ብለው ሆነ ተብለው በተተዉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ወደ ውጭ ይፈሳል። በመስኮትና በበር አናት ላይም እንዲሁ ይተዋል። አየርም በእነዚሁ ገብቶ ከኋላ ያለውን እርጥበት ያደርቃል።

የዚያ ሁሉ ግድግዳ ዕድሜ የተንጠለጠለው እንግዲህ ጣት በማታስገባ ቀዳዳ ላይ ነው።

ሐበሻና ቀዳዳ

የእህቴ ባለቤት ጎበዝ ሰው ነው። ቅዳሜና እሑድ እጁ አያርፍም። ቤቱ በተገዛ ዓመቱ ሣር ሲያጭድ ከግድግዳው ሥር ቀዳዳ ያያል። ሌላም ያያል። ዙሪያውን ቢቆጥር ከሃያ በላይ! እኛ አገር ያደገ ሰው የግድግዳ ቀዳዳ ሲያይ ምን ትዝ ይለዋል? አይጥ ትዝ ይለዋል። ብርድ ትዝ ይለዋል። «ይኼን ሁሉ ገንዘብ ከፍለን ሲሚንቶ እንኳ በቅጡ ሳይሞሉልን ሄዱ!» ብሎ ተናደደ። በዚያው ቅዳሜ ሲልከን ገዝቶ አንድ ሳያስቀር ጥርቅም አድርጎ ደፈናቸው። ቀጥሎም አበባ ይተከል ተብሎ አፈርና የእንጨት ፍቅፋቂ ከግድግዳው ሥር ተከመረ። ግድግዳው አማረ። ፎቶ ተነሣ። ፎቶውም መጣ፤ እማዬም ከመጀመሪያው ጎን ሰቀለችው።

አንድ ዓመት አለፈ፣ ሁለት ዓመት አለፈ፣ ምንም የለም። በ2016 ዓ.ም. ግን እህቴ ደወለችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«ልጆቹ የሚተኙበት ክፍል አንድ ነገር ይሸተኛል» አለችኝ።

«ምን ምን ይላል?»

«በክረምት ያልደረቀ ጋቢ ታውቂ የለ? እንደሱ።»

ትንሹ ልጇ ሌሊት ሌሊት ያስለዋል። ከወለሉ ጠርዝ ጋር የግድግዳው ቀለም አብጦ ተላጠ። ባለቤቷ ፍቆ እንደገና ቀባው። ላይ ላዩ አማረ፣ ውስጡን ግን ለቄስ! ሽታው ንቅንቅ አላለም። «ለምን ባለሙያ አትጠሩም?» ስላት ዝም አለች። ቆየት ብላ ምን አለችኝ መሰላችሁ?

«ቢጠራና ትልቅ ነገር ቢሆንስ? የወንድማችን ሠርግ አለ። እማዬ ለሰው ሁሉ ተናግራለች። አደራ፣ ለማንም እንዳትነግሪ።»

እናንተዬ! ሰው ልጁ እያሳለው፣ ባሕር ማዶ ላለ ሠርግ ሲል አፉን ይይዛል? አዎ፣ ይይዛል። ቤተሰብ እሷን የሚያያት እንደ ፎቶው ከፊት ለፊት ብቻ ነው። «ቸገረኝ» ብትል «ግንብ ያላት ሴት ምን ጎደላት?» የሚላት ሞልቷል። እርጥብ ቤትና ሻጋታ ለሳልና ለአስም እንደሚያጋልጥ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ ላይ በግልጽ አስቀምጦታል። እሷ ግን የምትፈራው ሻጋታውን ሳይሆን የቡና ላይ ወሬውን ነበር።

«እኔ ለማንም አልናገርም፤ አንቺ ግን ግድግዳውን ለአባባ አሳዪያቸው» አልኳት። «አባባ ስለ አሜሪካ ቤት ምን ያውቃሉ?» አለችኝ። «ስለ ግድግዳ ያውቃሉ» አልኳት።

የአባባ ዓይን

በሚቀጥለው እሑድ እማዬ ቤተ ክርስቲያን ሳለች እህቴ በቪዲዮ ደወለች። «አባባ፣ እስቲ ቤቱን ላሳይዎት» አለችና ስልኩን በግድግዳው ሥር ለሥር እያስኬደች ታሳያቸው ጀመር። አባባ ዝም ብለው ተከተሉ። ድንገት፣

«እዚህ ጋ ቁሚ» አሏት። «ይኼ ነጭ ነጩ ምንድን ነው?»

«ቀዳዳ ነበር። ባለቤቴ ነው የደፈነው።»

«ስንት ነበር?»

«ከሃያ በላይ።»

«ርቀቱስ? እኩል እኩል ነበር?»

«አዎ፣ በልክ።»

«ግንበኛ የረሳው ቀዳዳ በልክ አይመጣም፣ ልጄ። ይኼ የውሃ መውጫ ነው።»

አባባ አሜሪካን በዓይናቸው አይተው አያውቁም። የድጋፍ ግንብ ግን ብዙ ሠርተዋል። ተዳፋት ላይ አፈር እንዳይናድ የሚይዘውን የድንጋይ ግንብ አይታችሁ እንደሆነ፣ በመሐል በመሐሉ ቱቦ ብቅ ብቅ ብሎበታል። ያ ቱቦ ካልተተወ በዝናብ ጊዜ ከኋላ የሚጠራቀመው ውሃ ግንቡን ገፍቶ ይጥለዋል። «ውሃን ታግሎ የጣለ የለም» አሏት አባባ፣ «በር ትከፍቺለታለሽ፣ እሱም ይሄዳል። በሩን ከዘጋሽበት ቤትሽ ይቀመጣል።»

ይሄኔ እህቴ አላስቻላትም። «አባባ፣ ከኋላው እኮ እንጨት ነው። ግንብ አይደለም» አለች። ድምጿ ተንቀጠቀጠ፤ የሰረቀች ልጅ ነበር የምትመስለው። አባባ ሳቁ።

«ፎቶው የመጣ ዕለት አውቄዋለሁ» አሏት።

እንዴት አወቁ? ላስረዳችሁ። ድሮ የሚሠራው ወፍራም የጡብ ግንብ ሁለት ሦስት ረድፍ ጡብ ጎን ለጎን ሆኖ ነው የሚቆመው። ረድፎቹ እርስ በርስ እንዲያያዙ በየመሐሉ አንዳንድ ጡብ ዞሮ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ያ ጡብ ከውጭ ሲታይ ጠባቡ ጫፉ ብቻ ነው የሚታየው። የእህቴ ግድግዳ ላይ ግን ከዳር እስከ ዳር የጡቡ ረጅም ጎን ብቻ ነው ያለው። አባባ ያን ቀን መስኮቱ ሥር ሆነው ሲፈልጉ የነበሩት ጠባብ ጫፍ ነው። አጡት። «ይኼ ጡብ ቀጭን ነው፤ ከኋላ የሚይዘው ሌላ ነገር አለው» ብለው ገመቱ፤ ግምታቸውንም በሆዳቸው ያዙት።

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እናትሽ ደስ ብሏት ነበር። ደግሞስ እንጨት ነውር ነው እንዴ? አንቺ ያደግሽው በምን ውስጥ ነው?» አሉኝ።

የተከፈለው ዋጋ

ባለሙያ ተጠራ። እርጥበት በሚለካ መሣሪያ ግድግዳውን ከውስጥ መረመረ። ከውጭም በልጆቹ ክፍል ማዕዘን የታችኞቹ ጡቦች ተነሡ። የተከመረው አፈር ቀዳዳዎቹን ዳግመኛ ቀብሯቸው ኖሯል። ከጡቡ ጀርባ ያለው ጣውላ ጠቁሮ፣ ጠመንጃ መፍቻ ሲነኩት እንደ ዳቦ ይገባ ነበር። ከሥር የተጋደመውም እንጨት ሁለት ሜትር ያህል በስብሷል። ደግነቱ ቋሚዎቹ አብዛኞቹ ደኅና ነበሩ። «ሁለት ዓመት ቆይታችሁ ቢሆን ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው» አላቸው ባለሙያው።

ኢንሹራንሱ አልከፍልም አለ፤ ቀስ በቀስ የመጣ ብስባሴን አብዛኛውን ጊዜ አይከፍሉም። ቤቱን የሠራው ድርጅትም «ቀዳዳውን የደፈናችሁት እናንተ ናችሁ» አለ። ስለዚህ የተቀመጠችው ገንዘብ ወጣች። የትኛዋ ገንዘብ? የሠርጓ።

እህቴ ለእማዬ ራሷ ደውላ ነገረቻት። ዕዳውንም፣ ሽታውንም፣ እንጨቱንም፣ አንድ ሳታስቀር። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ የእማዬን ፊት አያለሁ። ትቆጣ ይሆን? «ሰው ፊት አዋረድሽኝ» ትል ይሆን? እማዬ ዝም ብላ ሰማችና መጀመሪያ የጠየቀችው ጥያቄ «ልጁን ሳሉ ለቀቀው?» የሚል ነበር። እህቴ ከዚያ በኋላ መናገር አልቻለችም፤ አለቀሰች። ከሦስት ዓመት በላይ ያጠራቀመችውን ነው ያለቀሰችው።

ወንድሜ ግን አኮረፈ፤ አልዋሻችሁም። አንድ ወር ሙሉ ከእህቴ ጋር አልተነጋገረም። ኩርፊያውን የሰበረችው እጮኛው ናት። «እኔ የማገባው አንተን ነው ወይስ የእህትህን ጡብ?» አለችው። ሠርጉ በ2017 ዓ.ም. ጥር ላይ በግቢያችን፣ በዕድሩ ድንኳን ተደገሰ። እንግዳው ቀነሰ፣ ዘፈኑ አልቀነሰም። የእህቴም ልጅ ሳሉ ለቀቀው።

«ይኼ የአሜሪካ ጣጣ ነው» እንዳትሉ

ይህን ገጽ «እኛን አይመለከትም» ብሎ ሊገለብጥ የተዘጋጀ አንባቢ ካለ ትንሽ ይታገሠኝ። እኛም ሠፈር ያው በሽታ አለ፤ ስሙ ብቻ ነው የተለየው። አንድ ቤተሰብ ትንሽ ገንዘብ ሲያገኝ የመጀመሪያ ሥራው ምንድን ነው? የጭቃ ቤቱን ፊት በሲሚንቶ ማስለሰን፣ ሲብስም ከፊት ለፊት አንድ ረድፍ ብሎኬት አስደርድሮ «ግንብ» ማስመሰል። ሠፈርተኛ «ተለወጡ!» ይላል።

ጭቃና ሲሚንቶ ግን ጥሩ ባልና ሚስት አይደሉም። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸማቀቃል። ሲሚንቶ ድርቅ ያለ ነው፣ አብሮት አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባ ዝናብ እንደ ጭቃ ምርጊቱ ዘመን ተንፍሶ የሚወጣበት መንገድ የለውም። የቋሚው ሥር ይበሰብሳል፣ ምስጥ ድግስ ያገኛል። እናንተ ከውጭ የምታዩት ነጭ ቀለም ነው። ነገሩን የምታውቁት ማዕዘኑ ሆዱን ሲነፋ ወይም በሩ አልዘጋ ሲል ነው።

አባባን «ትንሽ ገንዘብ ያለው ሰው ከምን ይጀምር?» ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ። ከሥርና ከላይ ነው የሚሉት። የበሰበሰ ቋሚ ካለ ይለወጥ። የግድግዳው ሥር ከመሬት ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ ይረፍ። ዙሪያውን የውሃ መሄጃ ቦይ ይቆፈር። የጣሪያው ቆርቆሮ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ይውጣ፣ አሸንዳም ይኑረው። ፊቱን ማስዋብ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ገንዘብ ካልተረፈ ቢቀርም ቤቱ አይወድቅም።

ለምትከራዩና ለምትገዙ

ለምትከራዩ ወጣቶች ከዚህ ታሪክ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ቤት ልታዩ ስትሄዱ ከዓይናችሁ በፊት አፍንጫችሁን አስገቡ። ያልደረቀ ጋቢ ከሸተታችሁ ምክንያት አለው። የግድግዳውን የታችኛውን ክንድ በእጃችሁ ዳስሱ፣ ቁም ሣጥኑን ገፋ አድርጋችሁ ጀርባውን እዩ። ክፍሉ ሁሉ አሮጌ ቀለም ሆኖ ከታች ብቻ አዲስ ከተቀባ ጠርጥሩ። ከተቻለ ዝናብ በዘነበ ማግሥት ሂዱ፤ የዚያን ቀን ቤቱ አይዋሽም።

ባሕር ማዶ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ይህን ቆርጣችሁ ላኩላቸው። ጡብ ለባሽ የእንጨት ቤት የገዛ ሰው ከሥር ያሉትን ቀዳዳዎች አይድፈን። ነፍሳት ከፈራ ውሃና አየር የሚያሳልፍ፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ወንፊት ያስገባባቸው። አፈርና ፍቅፋቂ ከቀዳዳው በታች ይሁን። ከመፈረሙ በፊት ከሻጩ ወገን ያልሆነ መርማሪ ይቅጠር፤ ቤቱንም በአራቱም ጎን ዞሮ ይየው።

ጡቡን ከእንጨቱ ጋር የሚያያይዘው ብረትም እንደ ቀዳዳው የሚናቅ አይደለም። አውስትራሊያ፣ ኒውካስል ከተማ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 28 ቀን 1989 የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ 13 ሰዎች ሞተዋል። ብዙ የጡብ ግድግዳም ተደርምሷል። በኋላ ሲመረመር ከወደቁት ግድግዳዎች ብዙዎቹ ማያያዣ ብረታቸው የዛገ ወይም በወጉ ያልገባ ሆኖ ተገኝቷል። ከውጭ ሲታዩ ግን ከቆሙት አይለዩም ነበር። ስለዚህ ጡቡ ወደ ውጭ ሆዱን የነፋ ወይም በደረጃ ቅርጽ የተሰነጠቀ ከመሰላችሁ ቀለም ቀቢ ሳይሆን ባለሙያ ጥሩ።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጨምርና ልሰናበት። ገበናን መሸፈን የኛ ባህል ነው፤ መጥፎም አይደለም፣ ሰው በአደባባይ ሁሉን አይዘራም። ቢሆንም አንድ ሰው ችግሩን የሚያወጣባት ትንሽ ቀዳዳ ትፈለጋለች። እህት ትሁን፣ ጓደኛ ትሁን፣ የነፍስ አባት ይሁኑ፣ ብቻ አንድ ሰው። ውጭ አገር ላለ ወንድማችሁና እህታችሁ ስትደውሉ ከ«ላኪልን» በፊት «እናንተስ እንዴት ናችሁ? ልጆቹ ይተኛሉ? ሥራው አልደከመሽም?» በሉ። «ደኅና ነኝ» ቢሏችሁም ቶሎ አትዝጉት፤ ትንሽ ቆዩ። የእህቴ እውነተኛ ወሬ የመጣው ሁልጊዜ ከ«ደኅና ነኝ» በኋላ ነው።

ቸር ያሰንብተን!